አጥንት ያለው የውጭ ዕቃ

የውጭ ንግድ መከፈቱን በቤታችን ያወቅነው በዶሮ ወጥ ነው። ሌላው ሰው በሬዲዮ ሰምቶ ይሆናል። እኛም ሬዲዮ አለን። ግን ሬዲዮው የሚለውን እናቴ ሳታብራራልን ገብቶን አያውቅም፤ እናቴ ደግሞ የምታብራራው በጭልፋ ነው።

ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከግቢው ልጀምር። ቤታችን ባሕር ዳር ነው፤ ነፋስ ሲነሣ የሐይቁ የዓሣ ሽታ የሚደርስበት ሰፈር። አንድ የግቢ በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ። በመንገዱ በኩል የእታለም ሱቅ አለ። እታለም ታላቅ እኅቴ ናት። ከጓሮ በቆርቆሮ የተከለለው የወንድማለም የእንጨት ሥራ ነው። ወንድማለም የሁላችን ታላቅ ነው፤ አባታችን ካረፈ ጀምሮ የቤቱ አባወራም እሱ ነው። ነበር ማለት አለብኝ። ይህን "ነበር" እጄ ገና አልለመደውም። እኔ የመጨረሻው ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስሁ፤ ፈተናው ደግሞ እኔን ጨረሰኝ፤ ስለዚህ በእታለም ሱቅ ሻጭ ሆንሁ።

ወንድማለም የሚሠራው በዋንዛ እንጨት ነበር። እሱ የሠራውን አልጋ ከቦታው ለማንቀሳቀስ ጎረቤት ይጠራል። ደንበኞቹ "ምነው ይህን ያህል ከበደ?" ሲሉት፣ "ሌባ እንዳይደክም ብየ ነው፤ ገና ሲያየው ይተወዋል" ይላቸዋል።

ከጥቂት ዓመት በፊት፣ የውጭ ምንዛሬ ጠፋ ተብሎ፣ ብዙ ዓይነት ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። የቤት ዕቃም ከተከለከለው ውስጥ ነበር። ያ የወንድማለም ዘመን ነው። ሙሽራው፣ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ሁሉም እታለምን ሳያያት በሱቋ በር አልፎ ወደ ጓሮ ይገባል። እታለም ያኔ የምትሸጠው ጆግ፣ ባልዲና የልብስ መቆንጠጫ ነው። ወንድማለም ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ አሳርፎ፣ በሱቋ መስኮት ብቅ ይላል።

"ክብርት የፕላስቲክ ሚኒስትር፣ እንዴት ዋሉ?"

"ሂድ ወዲያ፣ አንተ ምስማር ራስ!"

"የባልዲው ጉዳይ በምክር ቤቱ አለፈ?"

"ሳቅ፣ ሳቅ። እግዜር ቀን አለው።"

አሁን ወደ ዶሮው ልምጣ። በእኛ ቤት ዶሮ ሲታረድ ብልቱ ለሁሉም በልክ በልኩ ነው። ፈረሰኛው፣ ማለት ከደረቱ የሚወጣው ምርጡ ብልት፣ ለአባወራው ነው። ታፋው ለእንግዳ ይቀመጣል። ክንፉ የእታለም ነው። አንገቱ የእኔ ነው። እናቴ "አንገት ሥጋ ባይኖረውም ሥራ አለው፤ ልጅን ዝም ያሰኛል" ትላለች። ማንም ተናግሮት አያውቅም እንጂ፣ የቤታችን ሕግ የተጻፈው በድስቱ ውስጥ ነበር። ዶሮውን የሚገዛ ወንድማለም፣ ፈረሰኛውን የሚበላ ወንድማለም።

አንድ ቀን ሬዲዮው የተከለከሉት ዕቃዎች ተፈቀዱ፣ ንግዱም ክፍት ሆነ አለ።

"ገበያው ተከፈተ ነው የሚለው?" አለች እናቴ። "ተዘግቶ ነበር እንዴ? ታዲያ ትናንት ሽንኩርቱን ማን ሸጠልኝ?"

ወንድማለም ሳቀ። እታለም አልሳቀችም። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የዕቁብ ተራዋን ተለዋወጠች፤ የአንገት ሀብሏም ከአንገቷ ጠፋ። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ አገኘሁ አለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከባድ መኪና በራችን ላይ ቆመ፤ የወረደው ዕቃ ሁሉ ካርቶን ነበር።

ወንድማለም ከጓሮ መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"አልጋ ነው። ያኛው ቁም ሣጥን ነው።"

"አልጋ ካርቶን ውስጥ ምን ይሠራል? ተኝቶ ነው?"

"ገጥመህ ነው የምታቆመው። ዘመናዊ ነው።"

አንዱን ካርቶን ቀደደና ነጩን፣ የሚያብረቀርቀውን ሳንቃ አወጣ። ጫፉን በጥፍሩ ፋቀው። ትንሽ ዱቄት እጁ ላይ ቀረ። አሸተተው።

"እታለም፣ ይሄ እኮ የእኔ ሰጋቱራ ነው! እኔ የምጥለውን ጠፍጥፈው፣ ቀለም ቀብተው ላኩልሽ!"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ስትጥለው ኖርህ?" አለችው።

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ ብሎ ነው የሆነው። ደንበኛው የሚመጣው በዚያው በር ነው፤ ግን ከፊት ይቆማል። መስተዋት ያለውን ነጭ ቁም ሣጥን ያያል፤ መስተዋቱ ውስጥ ራሱን ያያል፤ ራሱን ካየ በኋላ ወደ ጓሮ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ዋጋውም ከዋንዛው ይቀላል። እኔ በሱቁ ቆሜ እሸጣለሁ፤ በጀርባዬ የመጋዙ ድምፅ እያጠረ ሲሄድ እሰማለሁ። በመጨረሻ ጭራሽ ዝም አለ። ለዓመታት በመጋዙ ጩኸት እናቴን ሲከሱ የኖሩ ጎረቤቶች መጥተው "ልጅሽ ታመመ እንዴ? ድምፁ ጠፋ እኮ፤ እንቅልፍ እንቢ አለን" አሏት።

ከፊት ፍሪጅ ገባ። ከፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ገባ። ከጓሮ ያው መብራቱ አንድ አምፖል ነው። ቆጣሪው ግን አንድ ስለሆነ፣ ማን ስንት እንደፈጀ በየወሩ ሙግት ነው። እታለም ቀዝቃዛ ውሃ ስታቀርብለት፣ ወንድማለም "እኔ ጥርሴን እወደዋለሁ" ብሎ ከእንስራው ይቀዳል። ያንን የፍሪጅ በር አንድ ቀን እንኳ ሲከፍተው አላየሁም። በአንድ ግቢ ውስጥ ከተማና ገጠር የሆንን መሰለኝ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ እኔ እንደ ታክሲ እመላለሳለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮ የገዛችው እታለም ናት፤ ያውም ሁለት። እናቴ ድስቱን ከፍታ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ምነው እማየ?" አልኋት።

"ዝም በል፤ እያሰብሁ ነው።"

ወጡ እየቀዘቀዘ ነው። በመጨረሻ አንዱን ፈረሰኛ አወጣችና ወንድማለም ፊት አኖረች። ሌላውን አወጣችና፣ ማንንም ሳታይ፣ እታለም ፊት አኖረች።

ወንድማለም አየ። ሁለቱንም ብልቶች በየተራ አየ። "በአንድ ማዕድ ሁለት ፈረሰኛ?" አለ። "ጦርነት አለ እንዴ እማየ?"

ሳቅን። እታለም እንኳ ሳቀች። ከዚያ የእሱን አነሣና እኔ ፊት አደረገው። "አንተ ብላ። የምትሸጠው አንተ ነህ።" የእኔን አንገት ወሰደ። በሕይወቴ ፈረሰኛ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣፋጭ ነው። ግን እየበላሁ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ፤ ወንድማለም ያንን አንገት እየጋጠ ቀና ሳይል ቆየ።

ከበዓሉ በኋላ ለእናቴ አዲስ አበባ እሄዳለሁ አላት። ሕንፃ ሲሠራ ለአርማታው እንጨት የሚመቱ አናጢዎች ይፈለጋሉ። ሲሚንቶው ሲደርቅ እንጨቱን ነቅለው ይጥሉታል፤ ሥራው ይኸው ነው። እናቴ ይህን እንደ ሰማች እታለምንና እኔን ማድ ቤት ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ወንድማችሁ ከሄደ ይህ ቤት መጠለያ ነው እንጂ ቤት አይደለም" አለች። ወደ እታለም ዞረች። "ሥራ ስጪው።"

"ልስጠው። እኔ መቼ እንቢ አልሁ?"

"ግን አንቺ የሰጠሽው እንዳይመስለው።"

"ታዲያ ማን የሰጠው ይምሰለው?"

"እሱ የሰጠሽ ይምሰለው።"

እታለም ጣሪያውን አየች። ተላላኪው እኔ ነኝ። ጓሮ ሄድሁ። ወንድማለም መላጊያውን በዘይት እየወለወለ ነበር፤ ለመንገድ ሊጠቀልለው ይመስላል።

"ወንድማለም፣ እታለም ዕቃውን መግጠም አቅቷት ተቸግራለች። እባክህ እንድታግዛት እየለመነችህ ነው።"

ይህን ተናግሬ አፌን ሳልዘጋ፣ ከፊት በኩል የእታለም ድምፅ መጣ። "ንገረው! ዛሬ ካልመጣ ሌላ ሰው ነው የምቀጥረው!"

ወንድማለም አየኝ። "ይሄ እንዴት ያለ ልመና ነው?"

"እሷ ስትለምን እንዲህ ናት" አልሁ።

ሳቁ ከሆዱ መጣ። መላጊያውን አስቀመጠና መዶሻውን አንሥቶ ተከተለኝ።

ካርቶኑ ውስጥ ጽሑፍ የሌለው፣ ሥዕል ብቻ ያለበት ወረቀት አለ። አፍንጫ የሌለው ሰው ፈገግ እያለ ቁም ሣጥን ሲገጥም ያሳያል። ወንድማለም ሥዕሉን ጥቂት አየው። "ይህ ሰውየ እንጨት ነክቶ የሚያውቅ አይደለም፤ ቢነካ አይስቅም ነበር" አለና ወረቀቱ ላይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እንደ ጣት የታጠፈችውን ትንሽ መፍቻም ለጎረቤት ሕፃን መጫወቻ ሰጣት። ሁሉንም በራሱ ዘዴ ገጠመው። ሁልጊዜ ጥቂት ብሎን ይተርፋል። እታለም ደንግጣ "ይሄስ?" ስትለው፣ "ትርፍሽ ነው፤ ነጋዴ አይደለሽም?" ይላታል።

ቁንዝላ የተባለው የሐይቁ ማዶ ከተማ ላይ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ የምንላቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ከሱቃችን ገዙ። ዕቃው የሚሄደው በጀልባ ነው። እታለም "በካርቶኑ ይሂድና እዚያ ግጠመው" አለች። ወንድማለም አሻፈረኝ አለ።

"ዕቃ ከእኔ እጅ በቁሙ ነው የሚወጣ። በድን አልልክም።"

"አንተ የሠራኸው እኮ አይደለም!"

"እጄ ነክቶታል።"

እንጨት ሠሪዎች እንዲህ ናቸው። ሙሽራ ተሸፋፍና እንጂ ተቆራርጣ አትሄድም ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቁም ሣጥኑ በጀልባው መካከል በእህል ጆንያ ተደግፎ ቆመ፤ መስተዋቱ ወደ ተሳፋሪው ዞሯል። እኔና ወንድማለም ግራና ቀኝ ይዘነዋል። ተሳፋሪው በሙሉ ደስ አለው። አንዷ ሴት ሹሩባዋን አስተካከለች፤ አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን መረመሩ። አንድ ሰው ለገበያ የሚወስደው ወጠጤ ፍየል ግን መስተዋቱ ውስጥ ሌላ ወጠጤ አየ። ወደ ኋላ አፈገፈገና መጣ። ወንድማለም ጉልበቱን አስገብቶ መስተዋቱን አዳነ፤ የፍየሉ ባለቤት በተራው ተነሣብን።

"ፍየሌን አሳበዳችሁት! አሁን ማን ይገዛልኛል?"

"የሚያምር መሆኑን እኮ አሁን ነው ያወቀው፤ ዋጋ ጨምርበት" አለው ወንድማለም።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ጣና ከቀትር በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። ማዕበሉ ጀልባው ውስጥ እየገባ ከእግራችን ሥር ተንቦጫረቀ። ሰው እግሩን አነሣ፤ ቁም ሣጥን እግሩን አያነሣም። ቁንዝላ ስንደርስ የታችኛው ሳንቃ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ብስኩት አብጧል። በሐጂ በረንዳ ላይ ስናቆመው ወደ ፊት አዘነበለ። አስተካከልነው፤ እንደገና አዘነበለ። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አዩት።

"ልጀ፣ ይህ ቁም ሣጥን ነው ወይስ ለሶላት ጎንበስ ብሎ ሩኩዕ እያደረገ ነው?"

የሠርጉን ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ወንድማለም አልሳቀም። የታዘብሁት ያኔ ነው። ጓሮው ሲዘጋ፣ ፈረሰኛው ሲከፈል ያልታየ ነገር ፊቱ ላይ ታየ። እታለም ትሰማለች፣ ከተማው ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ቤት አይመለስም ብየ ፈራሁ።

"ሐጂ፣ ዋንዛ አለዎት?" አለ።

ከቤታቸው ጀርባ ለበር ያስቀመጡት ደረቅ ዋንዛ ነበር። ወንድማለም ቁም ሣጥኑን ፈታታው። ሠርጉ እስኪደርስ በዚያ በረንዳ ላይ ሠራ። ከውስጥ የዋንዛ ምሰሶና ማገር አቆመለት፣ ያበጠውን ቆርጦ የዋንዛ እግር ተከለለት፣ ነጩን ሳንቃና መስተዋቱን በላዩ አለበሰው። ሴቶቹ እያለፉ ይለክፉታል። "አንተ ሰውየ፣ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ? እንዲህ የምታቅፈው!" "ጥሎሽ አልከፈልሁም እንጂ" ይላቸዋል። ሲያልቅ ሐጂ በመዳፋቸው ገፉት። አልተነቃነቀም። በትከሻቸው ገፉት። እሳቸው ተነቃነቁ።

"አሁን አጥንት አገኘ" አሉ።

ያ ቃል ከእኛ ቀድሞ ባሕር ዳር ደረሰ። ከቁንዝላ፣ ከዚያም ከወረታ የሚመጣ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ "አጥንት ያለውን የውጭ ዕቃ ስጡኝ" ማለት ጀመረ። እታለም መጀመሪያ አበደች።

"አንተ ሰውየ፣ ንግዴን ልትገድለው ነው? ሰው ካልተሰበረበት ለምን ይመለሳል?"

"ልጁን ሊድር ይመለሳል።"

"እስኪወልድ፣ እስኪያሳድግ ልጠብቀው ነው?"

"ቸኩለሽ ከሆነ ሂጂና ሰዎቹን አፋጥኛቸው!"

እንዲህ ይሰዳደባሉ፤ እኔ ግን ከሁለቱም መካከል ወጣሁ፣ በቀጥታ ነበር የሚሰዳደቡት። መጋዙ እንደገና ጮኸ፤ ጎረቤትም እንደ ቀድሞው ሊከሰን መጣ። ብዙም ሳይቆይ እታለም ራሷ ደንበኛውን "አጥንት ያለውን ነው የሌለውን?" እያለች ስትጠይቅ ሰማኋት፤ ያለው ዋጋው ይለያል። ማን ማንን እንደቀጠረ እናቴም አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው በዓል ፈረሰኛውን ለሁለት ገምሳ አቀረበችላቸው። ወንድማለም "ይሄ ሕገ ወጥ ነው" አለ፤ በላው ግን።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጻፈው፤ ረጅሙን አልችልም። አንድ ጧት ጣውላ እየላገ "ደረቴን" አለ። የሠራውን ሳይጨርስ የማይቀመጥ ሰው ቁጭ አለ። ውሃ አመጣሁለት። በችኮላ የከፈትሁት የእታለምን ፍሪጅ ነበር። ቀመሰና "ኧረ ይሄ ይበርዳል" አለ። ሐኪም ቤት ይዘነው ስንደርስ በሕይወት አልነበረም።

በለቅሶው ድንኳን ሰው የሚያወራው ስለ አልጋ ነው። አንዱ ቤት ሲለቅ ወንድማለም የሠራለት አልጋ በበሩ አልወጣ ብሎት ትቶት እንደሄደ ያወራል፤ ሌላው ይጨምርበታል። ሐጂ በጀልባ መጡ። እናቴ ፊት ቆመው "የሠራው ቁም ሣጥን ቆሟል፤ እሱ ተጋደመ" አሉና መናገር አቃታቸው። ለቅሶው እንደገና ተነሣ።

ሰው ከሄደ በኋላ ጓሮው ቀረ። እታለም ሻጭ ናት፤ ቆሞ የሚቀር ቦታ አትወድም። "የካርቶን መጋዘን ላድርገው፤ ዝናብ ሊመጣ ነው" አለች። እናቴ የጓሮውን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሠረችው። "አጥንቱን የሚሠራ ካለ ይሥራ። የሚሠራ ከሌለ ውሰጅው" አለች። ይህን ስትል የምታየው እኔን ነው።

ያደግሁት በሰጋቱራው ውስጥ ነው፤ መጋዝ እይዛለሁ። አውቀዋለሁ ብየ ነበር። ለአንድ አልጋ የዋንዛ ርብራብ ቆርጨ ከሥሩ መታሁ፤ አጥንት አለው ብለን ሸጥነው። የገዛው ሰውየ አማቶቹን ቤቱ ጠራ። ወንበር አነሰና ወፍራሞቹን አማቶች አልጋው ላይ አስቀመጠ። ጠበል እየቀመሱ ሳለ አልጋው ከመካከሉ ወረደ። በማግስቱ ሰውየው ሱቁ ውስጥ ነበር።

"አማቴ ጠበሉን ይዘው ወለሉ ላይ! አጥንት አለው ብላችሁኝ አልነበረም?"

"ነበረው" አለች እታለም።

"ታዲያ የት ሄደ?"

እታለም የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሰውየው ማልቀሷን አየና ቆቡን አወለቀ።

እሱ ከሄደ በኋላ "ተነሣ" አለችኝ። "ወንድማለም የሠራውን ሄደን እናያለን።"

ፔዳ በሚባለው ሰፈር፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ደንበኛ ነበረን፤ ከደቡብ መጥቶ በቢሮ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው። አጥንት ያለው አልጋ ከእኛ ገዝቷል። በሩን አንኳኳን።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ የአልጋህን ሥር ልናይ ነበር" አለች እታለም።

ሰውየው ግራ ገባው። "ከቀበሌ ናችሁ?"

"አይ፣ የሸጥንልህ ነን።"

"ልትወስዱት ነው?"

"ልናየው ብቻ!"

ከብዙ ማመንታት በኋላ አስገባን። አልጋው ሥር ጫማ፣ የሕፃን መታጠቢያና በጆንያ የተሞላ ድንች አለ። ድንቹን ጎትተን አወጣን። እኔ በጀርባዬ ገባሁ። እታለም ተከተለች፤ እታለም ወፍራም ናት፣ ግን ማን ሊነግራት ይችላል? ጎን ለጎን ተጋድመን የስልኬን መብራት ወደ ላይ አበራሁ።

ወዲያው አየሁት። እኔ ርብራቡን የመታሁት በጀርባው አስተኝቼ ነው። እሱ በጠርዙ አቁሞታል። እንጨት ሲተኛ ይጎብጣል፤ ሲቆም ይሸከማል። አንዱን በአንዱ ውስጥ በጥርስ አስገብቶታል፤ ምስማር የለበትም። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ እንደ ቡፌ ፊት ልጎታል።

እታለም እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው። ትንፋሿን እሰማለሁ።

"ይሄን ሁሉ ማን ሊያየው ብሎ ነው?" አለች።

"እንጃ።"

"የማንም ዓይን የማይደርስበትን ሲልግ የከረመውን ሰው እኮ ነው በየቀኑ ዘገየህ እያልሁ ስጮህበት የኖርሁት።" እጇን ከእንጨቱ ሳታነሣ "ትችለዋለህ?" አለች።

"አላውቅም። አሁን ግን አይቼዋለሁ።"

በዚህ መካከል የቤቱ እመቤት ከገበያ ገባች። ሁለት ጥንድ እግር ከአልጋዋ ሥር ተዘርግቶ አየች። ጩኸቷ ፔዳን ያናወጠ መሰለኝ። ባልየው "የአልጋው ሰዎች ናቸው! የአልጋው ሰዎች ናቸው!" ይላል። እኔ ወጣሁ። እታለም አልወጣች አለች።

"ሳበኝ!"

"እየሳብሁሽ ነው!"

"ቀሚሴን አይደለም፣ እኔን!"

ባልየው አንድ እግር፣ እኔ አንድ እግር ይዘን ሳብናት። ፊቷ ላይ አቧራና ዕንባ ተቀላቅሎ ወጣች። ሴትየዋ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በጥርጣሬ አየቻት። ባልየው በጆሮዋ አንድ ነገር አላት፤ የሞተ ወንድም መሆኑን ነገራት መሰለኝ። ሴትየዋ ዘምቢሏን አስቀመጠች። ሻይ ልታፈላ ገባች። "ተቀመጡ፣ ወንበር የለንም፤ አልጋው ላይ ተቀመጡ" አለች እየሄደች።

እታለም ቆማ ቀረች። ጥቂት ቆይታ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቀጥሎ ባልየው ተቀመጠ። በመጨረሻ እኔ በመካከላቸው ተቀመጥሁ፤ አሁን ይንቋቋል ብየ አዳመጥሁ።

አልጋው ጭጭ አለ።